ለእማዬ ሻወር ነው ያልኩት ቱቦ

ቡታጅራ፣ ቅዳሜ መስከረም 9

ለመስቀል ለሚመጡት ወንድሞቼ ቢራ ልጥመቅ ብዬ የገባሁበት ጣጣ! የፈላው የገብስ ውሃ በውስጡ እያለፈ እንዲቀዘቅዝ የጠቀለልኩት የመዳብ ቱቦ መገጣጠሚያ ብቻ ነበር የቀረው። ቱቦውን ይዤ የቧንቧ ዕቃ ሱቅ ሄድኩ። የማይዝግ፣ እየተፈታ የሚታጠብ ነበር የፈለግኩት። ባለሱቁ ግን ሐጂ ናቸው፣ የአባቴ ወዳጅ። እሳቸው ፊት መጠጥ ማንሳት አሳፈረኝ።

"ለምንድን ነው ልጄ?" ሲሉኝ "ለእማዬ ሻወር" አልኩ።

"ማሻአላህ! ለእናትማ እኔው ራሴ ነኝ የምገጥመው።" ያነሳሁትን የማይዝግ መገጣጠሚያ ለሻወር አያስፈልግም ብለው መለሱት። ተራውን ብረት አንስተው ውሃ እንዳያፈስ ጥርሱ ላይ ቃጫ ጠመጠሙ፣ ቀለም ቀቡበት፣ ቱቦዬ ላይ በመፍቻ ጥርቅም አድርገው አሰሩት። እኔ ቆሜ አያለሁ። ከፍዬ፣ አመስግኜ ወጣሁ።

ቤት ገብቼ ብታገል አይፈታም። ያሳለፍኩበት ውሃ ሁሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። ቢራ እንዴት ይለፍበት? ሐጂ ጋ ተመልሼስ ምን እላለሁ?

ይህን ሳሰላስል እማዬ ከገበያ ገባች፤ ፊቷ በርቷል። ሐጂን አግኝታቸው ኖሯል።

"ሻወር ልትሠራልኝ ነው አሉኝ። እኔ እኮ በሳፋ እንደታጠብኩ የምሞት ነበር የመሰለኝ" አለችኝ።

ቱቦውን ከኋላዬ ደበቅኩት። ጓሮ ወጥታ ቦታ እየመረጠች ነው።