ከቁም ሣጥን የተቆረጠ ስፖኪዮ

ካሚዬ፣ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ከሻርጃ አዲስ አበባ ገባችልኝ፤ የግራ ስፖኪዮዋ መስታወት ግን ተሰብሮ ነው የመጣው። ያለሱ ምርመራ አታልፍም፣ ታርጋም የለም። መርካቶ ጋሽ ኢርፋን የሚባሉ የመለዋወጫ ነጋዴ «አለ፣ ቁጭ በይ» ብለው፣ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁ ሱቃቸውን ትተውልኝ ወጡ! እናንተ አገር ቢሆን ፓስፖርቴን አሳይቼ ሦስት ሳምንት እጠብቅ ነበር። ለካስ እዚህ «የለም» ማለት ነውር ነው፤ ከጎረቤት ይፈለጋል። ከጎረቤትም ሲያጡ አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ምን አለሽ ተራ ሄደው ከአሮጌ ቁም ሣጥን መስታወት በልኩ አስቆርጠው መጡ። ምርመራውን አለፈች!

መስታወቱ ጥግ ላይ ያልለቀቀ ተለጣፊ አበባ አለ። ባየሁት ቁጥር ማን ስትኳልበት እንደኖረች ማወቅ ያምረኛል።

ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፣ እናትሽን ሳሚልኝ። ትናንት ሲኒማ ራስ ጋ መንገዱ ተዘጋግቶ ስቆም እኔም ተኳልኩበት።

ሱንዱስ