ለኪራይ የታየው ቤት

ሐዋሳ ላለኸው ለወንድሜ ለሙሉዓለም፤ እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ አምላክ ይመስገን ደኅና ነን። ጎረቤታችን መሪጌታ ዘካርያስ የወገብ ሕመማቸው ተሽሏቸው ልጃቸውን ዳሩ።

መካነ ኢየሱስ ከተማ ገዝተህ ልታከራየው ያሰብከውን ቤት ከአክስታችን ልጅ ከአሰለፈች ጋር አየነው። ምን ዓይነት ብልህ ሴት መሰለችህ! የቤቱን ባለቤት መጠየቁን ትታ፣ ባዶ ጀሪካን ይዛ ተከራዮቹን "እስቲ ውኃ ቅዱልኝ" አለቻቸው። ሳይሳሱ ሞሉላት። "ውኃ ቢቸግራቸው ኖሮ ነገ ነይ ይሉኝ ነበር" ብላ ሳቀች። መብራቱንም ሁሉ ባንዴ አስበራችው፤ አልደበዘዘም። ጣራው ያፈስ እንደሆነ ለማየት ብላ የወሰደችኝም በዝናብ ቀን ነው፤ ጠብ ያለ ነገር የለም። እኔማ ዝናቡ ሲያባራ ፀሐይ የገባበትን ክፍል ሳይ፣ አንተ ትወደው ይሆን እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

እናታችንም ትናንት መጥታ "ሰላም በይልኝ" ብላለች። ደግሞ "ሁሉንም ክፍል ካከራየው፣ ሲመጣ የት ሊያድር ነው?" አለችኝ።

ናፋቂህ እኅትህ አዜብ