በጃፓንኛ ዘፈን ላጨበጨቡት ኃላፊ

ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

በወጣቶች ማዕከሉ የሙዚቃ ልምምድ ክፍል በር ላይ አዲስ ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል።

ለክቡር አቶ ገብረጻድቅ፣
የወጣቶች ማዕከሉ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጤናዎ ተጠብቆ፣ የደም ግፊትዎ ወርዶ፣ ወንበርዎም ሳይነቃነቅ እንዲያገኝዎት ከልብ እመኛለሁ። እኔ እዚሁ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ የባጃጅ መለዋወጫ የምሸጠው የሀሴት አባት ነኝ። ሀሴት ማለት ባለፈው ግንቦት በባህል ቀኑ መድረክ ላይ ሰማያዊ ዊግ አድርጋ ድራም የመታችው ልጅ ናት። እርስዎ ከመቀመጫዎ ተነስተው ያጨበጨቡላት፣ ቆይተው ደግሞ ለአንድ ዓመት ያገዷት።

ደብዳቤው ለሕዝብም ግልጽ ስለሆነ ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ልጄና ሦስት ጓደኞቿ አኒሜ የሚባለውን የጃፓን የካርቱን ፊልም በስልክ እያዩ ነው ያደጉት። ከፊልሙ ወደ መግቢያ ዘፈኑ፣ ከዘፈኑ ወደ ሮኩ፣ ከሮኩ ወደ ቋንቋው ተሻገሩ፤ እኛ ወላጆች ይህን ያወቅነው ከተሻገሩ በኋላ ነው። ታቢታ ትዘፍናለች፣ ኢየሩስና አስማ ጊታር ይጫወታሉ። ለባህል ቀኑ ተመዘገቡ፣ ተጫወቱ፣ «ሊጠፋ የተቃረበ የአገር ውስጥ ቋንቋ ስለታደጉ» የሚል የምስክር ወረቀት ከእጅዎ ተቀበሉ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ሰው ቋንቋው ጃፓንኛ መሆኑን ነገረዎት፤ ልጆቹም «ኮሚቴውን በማሳሳት» ታገዱ።

ቅሬታዎቼን በትሕትና እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ስለ ማሳሳቱ። የምዝገባ ቅጹ ቅጂ እጄ ላይ አለ። «የሚዘፈንበት ቋንቋ» በሚለው ቦታ ታቢታ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ «ጃፓንኛ» ብላለች። «የሙዚቃው ዓይነት» በሚለው «ሮክ» ብላለች። «ሙዚቃው የመጣበት ቀበሌ» በሚለው ላይ ግራ ቢገባት «ቶኪዮ» ብላለች። ከግርጌው የሦስት የኮሚቴ አባላት ፊርማና የእርስዎ ማኅተም አርፎበታል። አንዲት የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ከዚህ በላይ እውነቱን እንዴት መናገር እንደምትችል ቢያስተምሩልን ውለታዎን አንረሳም።

2. ስለ ጭብጨባው። ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ ነበርኩ። ከፊቴ የተቀመጡ አንድ አዛውንት አጠገባቸው ያለውን ጎልማሳ «ይሄ ቋንቋ የናንተ ነው?» ሲሉ ሰማሁ። «ኧረ አይደለም ጋሼ፣ የነዚያ ይመስለኛል» አለና ወደ ቀኝ ረድፍ ጠቆመ። የቀኝ ረድፍ ወደ ኋላ ጠቆመ። የኋላው ረድፍ ማንንም ላለማስቀየም ብድግ ብሎ አጨበጨበ። በከተማችን ሰው በቋንቋው ሲዘፍን «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለት ነውር ነው፤ አለማወቅን ዋጥ አድርጎ ማጨብጨብ ግን ጨዋነት ነው። ስለዚህ ጭብጨባዎን አልነቅፍም። ይሁን እንጂ እርስዎ ማይክሮፎኑን ተቀብለው «ይህን ቋንቋ በልጅነቴ ከአያቴ አፍ እሰማው ነበር» ብለዋል። አያትዎን ነፍሳቸውን ይማር፤ ብዙ አገር የዞሩ ሴት እንደነበሩ ያኔ ገባኝ። እያወቅህ ለምን አልተናገርክም ቢሉኝ፣ እርስዎ እያለቀሱ ስለነበር ነው።

3. ስለ ትርጉሙ። ከእገዳው በኋላ የግጥሙ ትርጉም «ቋንቋውን ከሚናገረው ማኅበረሰብ የድጋፍ ደብዳቤ ጋር» እንዲቀርብ አዘዙ። ማኅበረሰቡ ትንሽ ራቅ ስለሚል ታቢታ ራሷ ተረጎመችው። እኛም ወላጆች ግጥሙን የጻፉት ልጆቹ ራሳቸው መሆናቸውን ያወቅነው ያኔ ነው። የሚያወራው ስለ ሐዋሳ ነው። አንዲት ልጅ ዝናብ እየመታት ባጃጅ ትጠብቃለች። ሰባት ባጃጅ ሞልቶ ያልፋታል። ስምንተኛው ባዶ ነው፤ ሹፌሩ ግን «ወደዚያ አልሄድም» ይላታል። በእግሯ ሐይቅ ዳር ስትደርስ የቀጠራት ሰው ሄዷል። ኮሚቴዎ ይህን አንብቦ «የትራንስፖርት ዘርፉን ስም ያጠፋል» የሚል አዲስ ነጥብ እገዳው ላይ ጨመረ። ግንቦት ላይ የአያትዎ ቅርስ የነበረው ዘፈን ነሐሴ ላይ የትራንስፖርት ጠላት ሆነ። ለአንድ ደንበኛዬ ሹፌር ትርጉሙን ባነብለት «እኔን ነው እንዴ የዘፈኑኝ?» ብሎ ሁለት ጊዜ አስደገመኝ፤ ደስታው ከፊቱ አይጠፋም ነበር።

4. ስለ መጥፎው ተጽዕኖ። ደብዳቤዎ ልጆቹ «በባዕድ ባህል ተበክለዋል» ይላል። እውነት ነው። ልጄ ማዕድ ላይ ከጸሎቱ በኋላ እጆቿን አጋጥማ «ኢታዳኪማስ» ትላለች። ምንድን ነው ብላት ለምግቡና ላዘጋጀው ሰው ምስጋና ነው አለችኝ። እናቷ በሃያ ዓመት ትዳር ከእኔ ሰምታው የማታውቀው ነገር ነው። ልምምድ እንዳያመልጣት የቤት ሥራዋን ቀድማ ትጨርሳለች። ስትሳሳት አታኮርፍም፤ «እንደገና» ብላ ጠረጴዛውን ከመጀመሪያው ትመታለች፤ ጎረቤትም ወዶ ሳይሆን አብሮ ይለማመዳል። ብክለቱ ወደ ታናሽ ወንድሟ እንዲተላለፍ በጉጉት እየጠበቅን ነው፤ እስካሁን ምልክት አላየንበትም።

5. ይህኛው አጭር ነው። ታቢታ መስከረም ላይ ለትምህርት ወደ ጅማ ትሄዳለች። እርስዎ አንድ ዓመት ያሉት ለአራቱ ልጆች መጨረሻ ነው። ድራም ያለው በእርስዎ ክፍል ብቻ ነው። የምጠይቀው እስከ ጳጉሜን ያሉትን ጥቂት ሳምንታት በሩ እንዲከፈትላቸው ነው።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ምስክር ወረቀቱ ሳላመሰግን አላልፍም። እንዲመለስ ማዘዝዎን ሰምቻለሁ። ነገር ግን ሳሎናችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለበት ቦታ ስለተስማማው፣ ፊርማዎም እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው ስለሆነ፣ ለማውረድ እጄ አልታዘዘልኝም።

ዘፈን ሲሰሙ ፈጥነው በማልቀስዎ፣ ቅጽ ሲቀርብልዎ ደግሞ ዘግይተው በማንበብዎ ዘወትር የማደንቅዎ፣
የተበካይዋ አባት፣
አሸናፊ ደምሴ

ማስታወሻ፦ ይህን የምጨምረው መዝገብ ቤትዎ ተቀምጬ ነው። ደብዳቤው ገቢ ተደርጎ ማኅተም እንዲያርፍበት ይዤ መጥቼ ነበር። የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ወይዘሮ ብርቅዬ እስከ ቁጥር ሁለት ካነበበች በኋላ ወደ ግድግዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። ዓይኗን ጠራርጋ ስትመለስ «ጋሼ አሸናፊ፣ ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ ግን ‹ጉዳዩ› የሚል መስመር የለውም። ያለሱ አልመዘግብም» አለችኝ። በዚህ መሃል ስልኬ ጮኸ። ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ቀለም የሚሸጠው የአስማ አባት ዩኑስ ነበር። ዕቃውን ደጅ አውጥቶ ልጆቹን መጋዘኑ ውስጥ አስገብቷቸዋል፤ ሀሴትም ባዶ የቀለም ጣሳ ደርድራ ተቀምጣለች። «አንተ ሰው፣ የት ነህ? ጀመሩ እኮ! ሰፈሩ በሙሉ እዚህ ነው፤ መንገዱ ተዘግቷል!» ይላል። ከኋላው ጣሳው ይንኳኳል፣ ታቢታ ትዘፍናለች። ድምፁ ለወይዘሮ ብርቅዬም ተሰማት። «እሺ፣ ጉዳዩ ምን ይባል?» ብላ እስክሪብቶዋን ሰጠችኝ። እኔም በ‹ጉዳዩ› መስመር ፋንታ ይህን ማስታወሻ ጻፍኩበት። ክቡር ሆይ፣ ጉዳዩ እርስዎ ቢሮ ውስጥ የለም፤ ያለ ድራም፣ ያለ ፈቃድ ተጀምሯል። ደብዳቤውን ሳይታተምበት ጠረጴዛዋ ላይ ትቼ እየወጣሁ ነው።