የድቡሌ ሰደርያ

ጥር 6
ስምንት ዩኒፎርም ቆርጬ ሦስቱን ብቻ ሰፋሁ። እጄ ማሽኑ ላይ፣ ዓይኔ ልጄ ድቡሌ ላይ። ዛሬ ስምንት ወር ሞላት። ቁጭ ሳደርጋት ከወገቧ እጥፍ ትላለች፣ ፊቷ ጉልበቷ ላይ ይደፋል። ከዚያ ትስቃለች። ምኑ እንደሚያስቃት እንጃ…

አንዷ ደንበኛ ዚፕ ልታስቀይር መጥታ ልጇን መሬት ላይ አስቀመጠቻት። ስድስት ወሯ ነው። እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ አለች። "ያንቺስ?" አለችኝ እናትየው። "እሷማ ድሮ" አልኩ። ለምን ዋሸሁ? ዚፑንም ገልብጬ ሰፋሁት።

ጥር 11
አማቴ ደወሉ። "አባቷም በዓመት ከመንፈቁ ነው በእግሩ የሄደው፣ ምን ያስቸኩልሻል" አሉኝ። ወዲያው ደግሞ፣ "ግን ተቀመጠች ወይ? ሰው እየጠየቀኝ ነው።" እኔን አትቸኩይ ይላሉ፣ እሳቸው ግን…

ጥር 19
መቀስ ስይዝ እንኳ ስለ ወገቧ ነው የማስበው። የሸሚዝ ኮሌታ ቀጥ እንዲል ውስጡ ድርቅ ያለ ጨርቅ ይገባል። ለኮሌታ ከሆነ ለልጅስ? ትርፍራፊውን በአራት ደርቤ ትንሽዬ ሰደርያ ሰፋሁላት። ከላይ አበባ ያለው ጨርቅ አደረግሁበት። አልብሼ አስቀመጥኳት… ተቀመጠች። እስከ ሃያ ቆጠርኩ። የተቀመጠው ጨርቁ እንደሆነ እያወቅኩ በደስታ አለቀስኩ።

የካቲት 6
ዘጠነኛ ወር፣ የኩፍኝ ክትባት። ሰደርያውን አለበስኳት። ብርድ ነው ብዬ… ለራሴ። እጅጌ ስለሌለው ለመርፌው ማውለቅ እንኳን አላስፈለገም።

ነርሷ ካርዱን ገልጣ፣ "ያለ ድጋፍ ትቀመጣለች?" አለች። አልጋው ላይ አስቀመጥኳት። ልጄ ቀጥ። "ጎበዝ የኔ ቆንጆ" ብላ ካርዱ ላይ ምልክት አደረገች፣ ቀጣዩን ጠራች። አንድ ቃል ብተነፍስ ምን ነበረበት?

መጋቢት 1
አባቷ አወቀ። ዛሬ እሱ ነው ገላዋን ያጠባት። ሰደርያውን አውልቆ ሊያጥፈው ሲል እምቢ አለው።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ኮሌታ ውስጥ የሚገባው ጨርቅ።"

"ልጅቷ ኮሌታ ናት?"

ሳቄ ሲመጣ ዕንባዬ ቀደመው። የነርሷንም፣ የምልክቱንም ነገር ዘረገፍኩለት። ይጮህብኛል ብዬ ነበር። ሰደርያውን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ "እኔም መሥሪያ ቤት ትድሃለች ብያቸዋለሁ" አለ። ምን ጉድ ነን? ሁለት ዋሾ ተሸክማ እንዴት ትቀመጥ።

መጋቢት 2
ጤና ጣቢያ። ሰደርያውን በፌስታል ይዤ ሄድኩ። ወረፋው ላይ ሦስቴ ልመለስ ብዬ ተነሳሁ፣ ሦስቴ ተቀመጥኩ። ነርሷ ሁሉንም ሰምታ ጨርቁን አገላበጠችው። ትሰድበኛለች ስል፣ "ስፌቱስ ያምራል" አለች። ምልክቷን ሰረዘችና የሪፈር ወረቀት ጻፈችልኝ። "ያን ቀን ብትነግሪኝ ያን ቀን እጽፍልሽ ነበር።" ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 16
ሆስፒታል። ፊዚዮቴራፒስቷ ድቡሌን በሆዷ አስተኛቻት፣ እጇን ሳብ፣ እግሯን አጠፍ አደረገች። ጡንቻዎቿ ልል ናቸው አለች። ከምን የተነሳ? ገና አልታወቀም፣ ደም ተወስዶ ተልኳል። በሰደርያው ምክንያት ነው ወይ አልኳት። "አይደለም። ግን ጀርባዋ መሥራት ያለበትን ሥራ ወስዶባታል።"

በቀን አምስት ጊዜ በሆዷ ትተኛ አለች። ታለቅሳለች፣ ታልቅስ አለች። እንዴት ነው ታልቅስ የሚባለው?

መጋቢት 23
ጠዋት ሦስት ደቂቃ። ከሰዓት ሁለት። የምትጮኸው እኔን እኔን እያየች ነው። እንዳልሰማት ማሽኑን ረገጥኩት… ሰማኋት።

ሚያዝያ 12
የደሙ ውጤት አልመጣም። ስልኬ በጮኸ ቁጥር ማሽኑን አቆማለሁ።

ዛሬ አማቴ መጡ። ድቡሌ ምንጣፉ ላይ በሆዷ ሆና ታለቅስ ነበር። ሊያነሷት ጎንበስ አሉ።

"እማማ፣ ይተዉአት።"

"ትደክማለች እኮ ልጄ።"

"ትድከም።"

ከአፌ ሲወጣ እኔም ደነገጥኩ። ድቡሌ ፊቷን ምንጣፉ ላይ ደፍታ ቆየች። ከዚያ ክርኗን ተደግፋ ደረቷን አነሳች… እየተንቀጠቀጠች። አያቷን አየት አድርጋ መልሳ ተደፋች። ያ ብቻ ነው። ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው። ዐሥራ አንድ ወር አልፏታል።

አማቴ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን ሲያስተካክሉ ቆዩ። "እንግዲህ… ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?" አሉኝ።

"አልተቀመጠችም ይበሏቸው" አልኳቸው።