ፈታይዋ «ሥራ ፈት»

ጥቅምት 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት
ዛሬም ከሽሮ ሜዳ እስከ ቁስቋም ሥር እናቶችን ቤት ለቤት ልመዘግብ ስወጣ ስወርድ ዋልኩ። የመ/ቤቱ ቅጽ ሊያልቅ ነው። ጥያቄው ያው፦ እናት ሥራ አላት ወይ? መልሱም ያው፦ የላትም። ሥራ ያላቸው እናቶች ከተገኙ ቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ይከፍታል። እስካሁን አንዲትም የለች። እግሬ አብጧል፣ ደብተሬ። በቃኝ።

ጥቅምት 11፣ ማታ
ወ/ሮ አማረች ቤት። ባሏ ሸማኔ፤ እግሩን ከሸማ ዕቃው ሥር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ሰዶ ይሸምናል። እሷ ጥግ ይዛ ትፈትላለች። ገና መዳህ የጀመረች ልጅ ወገቧን በነጠላ ቅዳጅ ከምሰሶው ጋር ታስራ ተቀምጣለች። ደነገጥኩ። ጉድጓዱ ውስጥ እንዳትወድቅ ነው አለችኝ። ታላቋ ወድቃ እጇ ተሰብሮ ነበር፤ እንደተጣመመ ቀርቷል። ልጅቷን ጠርታ አሳየችኝ።

ሥራ አለሽ ወይ አልኳት። እንዝርቷ እየሾረ፣ «ኧረ የለኝም እቴ! ቤት ነው የምውለው።»

ጻፍኩት። «ሥራ የላትም»። ከበር ስወጣ ነው የባነንኩት። ደደብ! ለእነሱ ሥራ ማለት መ/ቤት ተገብቶ ደመወዝ የሚበላበት ነው። ፈትል ሥራ አይባልም፣ ቤት መዋል ነው። የሰፈሩን ፈታይ ሁሉ በገዛ እጄ ሥራ ፈት ብዬ መዝግቤያለሁ። አፈርኩ። በራሴ ተናደድኩ።

ጥቅምት 14
ለኃላፊው አስረዳሁ። ጥያቄው ተሳስቷል፣ እንድገመው አልኩ። ቀና ብሎም አላየኝ። ቅጹ ከላይ የጸደቀ ነው አለ፤ ሥራ የሌላት እናት ልጇን ራሷ ትጠብቅ፤ ለመዋዕለ ሕፃናቱ የታሰበው ክፍል ለውይይት ክበብ ይሆናል። የታሰረችውን ልጅ ነገርኩት። «ጓዲት፣ ስሜታዊ አትሁኚ» አለኝ። ስሜታዊ! እሱን ወገቡን ከወንበሩ ጋር አስሮ አንድ ቀን ማዋል ነበር። «ሥራ ያላት እናት የለችም» የሚለውን ሪፖርት ሰጠኝ፦ ነገ ፈርመሽ አምጪ።

ጥቅምት 15፣ ጧት 12 ሰዓት
እንቅልፍ የለም። ፈርቻለሁ፣ ላንተ አልዋሽም፣ ደብተሬ። ከላይ የጸደቀን ነገር አልፈርምም ያለ ሰው ምን እንደሚባል አውቃለሁ። ግን ያቺን ልጅ ከምሰሶው ጋር የሚያቆያት የኔ ጽሑፍ ነው።

ባዶ ወረቀት ይዣለሁ። ከአማረች እጀምራለሁ። ሥራ አለሽ ወይ አልልም። ከነጋ ጀምሮ እጅሽ ምን ሲያደርግ ዋለ? ልጅሽንስ ማን ያዘልሽ? እንዳሉኝ እጽፋለሁ፣ ቤት ለቤት፣ እንደገና።

ሪፖርቱን ለኃላፊው እመልስለታለሁ። በፊርማዬ ቦታ አንድ መስመር ጽፌበታለሁ፦ «ጥያቄው ስህተት ነው። የጠየቅኩትም እኔ ነኝ።»