በእግር የሚረገጥ ሊጥ

ይድረስ ከተራራው ወርጄ አላውቅም ለሚሉት አባቴ፤

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ? የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ሁልጊዜ ቀኙ ይጠዘጥዝዎታልና፣ ማለዳ ለሊጡ ውኃ ሊቀዱ ሲወጡ ያንን የሱፍ መጠቅለያ አይርሱ። አክስቴንም ሳሉ ለቀቃት? እኔ ደኅና ነኝ። ከደኅናም በላይ ነኝ። ይህን ሲያነቡ ፊትዎ እንደሚቋጠር ይታየኛል፤ ግን በውሸት ከማስደስትዎ በእውነት ባስቆጣዎ ይሻለኛል።

መልእክትዎ ደርሶኛል። ሠራተኛዎ ኩኒሂኮ ለአክስቴ የላክሁትን አድራሻ ይዞ፣ ሦስት ባቡርና አንድ መርከብ ቀያይሮ አደረሰልኝ። «እስከ ዓመት መለወጫ ዋዜማ ካልተመለሰች ልጄ አይደለችም በላት» ማለትዎን ሲነግረኝ አንገቱን ደፍቶ ጫማውን ነበር የሚያየው። በዋዜማው ዕለት እንደ ክር የተከተፈውን ሶባችንን በልቶ ዓመቱን ሊሻገር የሚመጣው ሰው ሰልፉ እስከ ድልድዩ እንደሚደርስ አውቃለሁ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት የእኔንና የኩኒሂኮን ጋብቻ ሊያበሥሩ እንዳሰቡም አውቃለሁ።

አልመጣም፣ አባባ።

ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ንዴትዎን እዚሁ ላይ እንዲጨርሱ ነው። አሁን ሻይዎን ይቅዱና ቁጭ ብለው የቀረውን ያንብቡ።

ለጎረቤት «ልጅቷ አገር ልታይ ሄደች» ብለዋል አሉ። አገር ማየቱን አይቻለሁ። የወጣሁት ግን ለዚያ እንዳልሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ያን ቀን ከእርስዎ ቀድሜ ተነሥቼ፣ ሃያ ዓመት ቆሜ ያየሁትን በራሴ እጅ ሠራሁት። ዱቄቱን ነፋሁ፣ አሸሁ፣ ዳመጥኩ፣ እንደ ክር አድርጌ ከተፍኩ። እርስዎ ገብተው አዩት። አንዲት ዘለላ እንኳ ሳይቀምሱ ወደ ቆሻሻው ገለበጡት። «የሴት እጅ ይሞቃል። ሙቅ እጅ የነካው ሶባ ይሰባበራል» አሉኝ። ማታ ራት ላይ ደግሞ «ሱቁን ኩኒሂኮ ይረከባል፣ አንቺም ከእሱ ጋር» አሉ። ልክ «ወንበሮቹም ከእሱ ጋር» እንደማለት። በማግስቱ ቦርሳዬን አነሣሁ።

ኦሳካ መንገድ ዳር ቆሜ በላሁ። አዎ፣ ቆሜ! ከብረት ምጣዱ ላይ የወጣውን ኦክቶፐስ ያለበትን ትኩስ ድቡልቡል ሊጥ እንዳለ ወደ አፌ ብጨምረው ምላሴ ተላጠ። ሻጯ ሴትዮ እያየችኝ፣ «ቀስ በይ እንጂ የኔ እመቤት! ኦክቶፐሱ እንደሆነ ሞቷል፣ የት ያመልጥሻል!» አለችኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ፤ እኔም እንባዬ እየወረደ ሳቅሁ። ኮቤ ደግሞ የሕዝብ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተቀምጬ ሳለ አንዲት የማላውቃቸው አሮጊት ሳይጠይቁኝ ጀርባዬን ማሸት ጀመሩ። «ቆዳሽ የልጅ ነው፤ ትከሻሽ ግን እንደ እኔ ነው የደረቀው። ምን ተሸክመሽ ነው?» አሉኝ። ምን ብዬ ልመልስላቸው? «ሱቅ» አልኳቸው። ውኃ አፈሰሱብኝና «አውርጂው» አሉኝ።

ባሕሩን ተሻግሬ ሺኮኩ ከገባሁ በኋላ ነጭ ከለበሱ ተሳላሚዎች ኋላ ኋላ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ገበሬ ከእርሻው ወጥቶ ሦስት መንደሪን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። «እኔ እንኳ ተሳላሚ አይደለሁም፣ ለእነሱ ይስጡ» ስለው፣ «እግርሽ አቧራ ለብሷል፣ ርቦሻል፤ ሌላ ምን ማወቅ አለብኝ?» ብሎኝ ተመለሰ።

እንዲህ እያልኩ አንድ ማለዳ ከማሩጋሜ ወጣ ብሎ፣ ኩሬ ዳር ካለች የቆርቆሮ ቤት ደረስኩ። ስም የተጻፈበት ሰሌዳ የላትም። ግን ገና በአንድ ሰዓት ገበሬው፣ አስተማሪው፣ ፖሊሱ ሳይቀር ጎድጓዳ ሳህኑን ይዞ ተሰልፏል። የሚበሉት ኡዶን ነው። እርስዎ «ጥርስ ለሌለው ሰው የተፈጠረ ነጭ ትል» የሚሉትን ማለቴ ነው። እኔም በዕድሜዬ ሙሉ ቀምሼው አላውቅም ነበር፤ ሳልቀምስ እንቀው ነበር። በላሁ። ወፍራም ነው፣ ለስላሳ ነው፣ ግን ጥርስን ይመልሳል፤ መረቁ የደረቁ ትናንሽ ዓሦች ጣዕም አለው። አንድ ጨረስኩ፣ ሁለት ጨረስኩ። ሦስተኛውን ስጠይቅ ባለቤቷ እትዬ ማሱኤ ቀና ብለው አዩኝ። ስድሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ ክንዳቸው እስከ ክርናቸው ዱቄት የለበሰ ሴት ናቸው።

«ከየት ነሽ አንቺ?» አሉኝ።

«ከሺንሹ፣ ከተራራው። የሶባ ቤት ልጅ ነኝ» አልኳቸው።

ጭልፋውን እንደያዙ ፊቴን አተኩረው አዩ። መረቁ እየተንጠባጠበ ነበር። ቀጥለው፣ «የሰው እጅ ያንሰኛል። ትሠሪያለሽ?» አሉኝ።

«እጄ ሙቅ ነው፣ ሊጥ አልነካም» አልኳቸው፤ እርስዎ እንዳስተማሩኝ። እትዬ ማሱኤ በሳቅ ፈርሰው የዱቄት ጆንያው ላይ ተቀመጡ። «ሞኝ! እኛ ዘንድ ሊጥ የሚረገጠው በእግር ነው። ስለ እግርስ አባትሽ ምን ይላሉ?»

ስለ እግር ምንም ብለው አያውቁም፣ አባባ። እናም ይኸው ሁለት ወር ሆነኝ፣ ሊጡን በጨርቅና በላስቲክ ጠቅልዬ ስረግጥ። ከተረገጠ በኋላ በእጄ እዳምጠዋለሁ፣ በእጄ እከትፈዋለሁ። አልተሰባበረም። ፖሊሱ በየቀኑ «የተራራዋ ልጅ የሠራችውን ስጡኝ» ይላል።

ኩኒሂኮ የደረሰው ትናንት ነው። ሱፍ ለብሶ እንደ ዳኛ ገባ። እትዬ ማሱኤ ገና «ጤና ይስጥልኝ» ሳይል አንድ ሳህን እጁ ላይ አኖሩለት። በላና ዙሪያውን ቃኘ፤ «ለጌታዬ እንዳትነግሪብኝ» ብሎ ሌላ ጠየቀ። ሊጡ አልቆ ቤቱ ሲዘጋ ከሰዓት በኋላ ኩሬው ዳር ወጥተን ቀጥ አድርጌ ጠየቅሁት። «ልታገባኝ ትፈልጋለህ?»

«እውነቱን ልንገርሽ? ሱቁን እወደዋለሁ። አንቺን እፈራሻለሁ» አለኝ።

እንዲህ ተሳስቀን አናውቅም። እናም እለምንዎታለሁ፤ ሱቁን ለእሱ ይስጡት። ጥሩ እጅ አለው፣ አሥር ዓመት አገልግሎዎታል፣ ይገባዋል። እኔን ግን ከሱቁ ዕቃ ጋር ቆጥረው አያስረክቡኝ።

ስንመለስ እትዬ ማሱኤ ትልቁን ድስት እያጠቡ ነበር። የመጣበትን ጉዳይ ኩኒሂኮ ነገራቸው፤ የሙቅ እጅን ነገር ጭምር። እጃቸው ድስቱ ውስጥ ቆመ።

«እኔም አንድ የተራራ ልጅ አውቅ ነበር» አሉ። «ሠላሳ አራት ዓመት ይሆነዋል። ከአባቱ ጠፍቶ መጥቶ፣ ሁለት ዓመት እዚህ ሠራ። እጁ እንደ ምድጃ ነበር የሚሞቀው። አባቴ በደንበኛ ሁሉ ፊት ‹እጅህን ከሊጤ ላይ አንሣ!› ብሎ ጮኸበት። ልጁ ጓሮ፣ ሽንኩርቱ መሐል ቆሞ ሲያለቅስ አገኘሁት። ‹እግር የለህም እንዴ?› አልኩት። ከዚያ ወዲህ እንደ እሱ አድርጎ የሚረግጥ አላየሁም። ይቺ ልጅ እስክትመጣ ድረስ።»

«ኋላስ?» አለ ኩኒሂኮ፤ ነገር የማይገባው የዋህ።

«ኋላማ አባቱ ታመመና ጠሩት። የዓመት መለወጫ ዋዜማ ነበር። እመለሳለሁ ብሎ ሄደ።»

ድስቱን ማጠብ ቀጠሉ። የልጁን ስም አልጠየቅኋቸውም። እሳቸውም የአባቴን ስም አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም።

ሌላ የምጨምረው የለኝም። ወቀሳም አልጽፍም፤ ወቀሳ ከፈለጉ ራስዎ ይበቃሉ። ልጄ አይደለሽም ቢሉኝ እንኳ እርስዎ አባቴ ነዎት፤ ይህን በመልእክተኛ ሊሽሩት አይችሉም። በረዶው ይቅለልልዎ፣ ጉልበትዎ ይጽና፣ ሰልፉ ከድልድዩ ይለፍ። ለሚበላውም ሰው ሁሉ ረጅም ዕድሜ ይስጠው።

ኩኒሂኮ ደብዳቤውን ሊወስድ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። «ጌታዬ አንድ ቀን ልምጣ ቢሉ፣ ከወደቡ እስከዚህ ያለውን መንገድ በወረቀት ላይ ሣዪላቸው» አለኝ። እርሳስ ሳነሣ እትዬ ማሱኤ ከጓዳ ሰምተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ወረቀት አታባክኚ፤ መንገዱ አልተቀየረም» አሉኝ።

እምቢተኛዋ ልጅዎ