አቶ ጥሩነህ ሰርፀ እና የሲየራው ስምንት ኤከር

አቶ ጥሩነህ ሰርፀ ከአባታቸው ከአቶ ሰርፀ ወልደየስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለምፀሐይ ደምሴ እ.ኤ.አ. በማርች 1957 አዲስ አበባ፣ ጉለሌ ተወለዱ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደጨረሱ በሱዳን በኩል ተሰደው በ1983 አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገቡ። ሃያ ስድስት ዓመት የኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ሻትል ነድተዋል። በ1990 ከወይዘሮ ያለምዘውድ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ልጃቸውን ሶልያናን ወለዱ።

ቤተሰቡ እዚያው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈር በሚገኝ አፓርትመንት ሃያ ዓመት ኖሯል። ወይዘሮ ያለምዘውድ አረጋውያን ከሚጦሩበት ከነርሲንግ ሆም ሥራቸው ደክመው ሲመለሱ፣ ፎቅ ላይ ያሉት ጎረቤቶች ኮቴ እንቅልፍ ይነሳቸው ነበር። "ጥሩዬ፣ ጡረታ ስንወጣ ዛፍ ብቻ ያለበት ቦታ ውሰደኝ" ይሏቸው ነበር። ጡረታውን ሳያዩ በ2012 በካንሰር ዐረፉ።

በዓመቱ አቶ ጥሩነህ ከኦክላንድ የሦስት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ከሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ግርጌ፣ ድሮ ወርቅ ይቆፈርበት ከነበረ አካባቢ ስምንት ኤከር፣ ሦስት ሄክታር ያህል፣ ጫካ ገዙ። ውኃም መብራትም የለውም። ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድማቸው ደግነት፣ "ጋሼ፣ ወርቁ እኮ አልቋል" ብዬ ቀልጄባቸዋለሁ። እሳቸው አልሳቁም። በመኪና የምትጎተት አንዲት የመኖሪያ ትሬለር አስገብተው ቁጥቋጦውን ሲመነጥሩ፣ የተተወ የወርቅ ጉድጓድ አፉን ከፍቶ አገኙ። እንግዳ እንዳይገባበት ብለው ዙሪያውን ብቻቸውን አጠሩት። እንግዳ ግን አልመጣም። በየፋሲካው "ኑ፣ አየሩ ደስ ይላል" ይሉን ነበር፤ እኛ የሥራ ሺፍት አለብን፣ ሩቅ ነው እንላለን። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የሄድኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም ስልክ አይሠራም ብዬ ከምሳ በፊት ተመለስኩ።

በ2021 ሰደድ እሳት ትሬለሯንም ዛፎቹንም በላ። ሶልያና ከምትኖርበት ከሳን ሆዜ ደውላ፣ "ዳድ፣ ፕሊስ፣ ሽጠው በቃ" አለቻቸው።

"እናትሽን የማዋራው እዚያ ነው፤ ሸጬ የት ላዋራት?" አሏት። ሌላ ትሬለር ገዝተው ተመለሱ።

ባለፈው ዓመት የጉበት ሕመም ጸናባቸው። በዚህ ሴፕቴምበር ሶልያና ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ጫካው ይዛቸው ሄደች። ከመኪና መውረድ ስላቃታቸው መስኮቱን ከፈተችላቸው። "ማሚን የምታናግራት የቱ ጋ ነው?" ስትል ጠየቀቻቸው። ከተቃጠለ ግንድ ሥር ያቆጠቆጠ ዛፍ በአገጫቸው አሳዩዋት።

አቶ ጥሩነህ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ኦክላንድ ውስጥ ከዚህ ዓለም ተለዩ። አንዲት ሴት ልጅና አንድ ወንድም ትተዋል። እኛ ብቻቸውን ያቆየናቸውን ጋሼን፣ እግዚአብሔር በቅዱሳኑ ማኅበር መካከል ይቀበልልን። አሜን።